ዝናብ ያደረበት መጥበሻ

ፈድሊያ አባቦራ፦ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ያልተሾመች፣ በሰፈሩ ዘንድ ግን ሹመቷ የጸና የንጽሕና ተቆጣጣሪ ናት። ሥልጣኗ ወደ ቤቷ በሚገባ ማናቸውም ዕቃ፣ ምግብና ወሬ ላይ ይጸናል። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ነገር ከደጃፏ አያልፍም፤ የታወቀውም ቢሆን ዳግመኛ ይጠየቃል። ይግባኝ የሚቀርበው ለራሷ ነው። እስከ ዛሬ ይግባኝ ብሎ የረታ የለም።

ይህን ድንጋጌ ከማንም በላይ የሚያውቀው ባሏ ፋሂም ነው። ሆኖም ወገቡ መንዳት ከከለከለው ወዲህ ባጃጁን ሸጦ፣ ከዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አጠገብ ለተማሪዎች የዶሮ ጥብስ ለመሸጥ ሲያስብ፣ ማንንም ሳያማክር አንድ ያገለገለ የከሰል መጥበሻ ገዝቶ ገባ። ክዳን ያለው፣ በሦስት እግር የቆመ፣ ጥቁር ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ጥፍር የምታህል ልጣጭ ነበረችበት። የሸጠለት ወደ አዲስ አበባ የሚዛወር፣ ለይኩን የሚባል መምህር ነው።

«እሱስ ከማን ገዛው?» አለች ፈድሊያ።

ፋሂም እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። «ከአንድ ፈረንጅ» አለ።

«ፈረንጁስ ምን ጠበሰበት?»

«ዶሮ ይሆናላ።»

«ይሆናላ!» አለች፣ ቃሉን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣት ያነሳችው እስኪመስል። «ለሰው ልጅ ‹ይሆናላ› ልናበላ ነው?»

የአሳማ ሥጋ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱም በአፈር ነው፤ ይህን ካባቷ ቤት ይዛ መጥታለች። እጅጌዋን ሰብስባ ከጓሮ ቀይ አፈር ዝቃ አሸችው። አፈሩ አሸዋ ነበረበት። አሸዋው የፈረንጁን ጥብስ ማስለቀቁን አላህ ያውቃል፤ ቀለሙን ግን አስለቅቆታል። ስድስቱን እጥበት በእጇ ከፈጸመች በኋላ ሰባተኛውን ለሰማይ ተወችው፤ ከዝናብ የጠራ ውሃ ከየት ይመጣል? የጅማ ሰማይ እንዲህ ያለ አደራ ሲሰጡት አይለግምም። ዘነበ፣ ሲዘንብም አደረ።

ሲነጋ መጥበሻው ቀይ ነበር። ቀለሙ በተላጠበት ሁሉ ዝገት ተነስቶ፣ ያልተላጠውንም ከሥር እየገፋ አስነስቶታል።

ፋሂም ወገቡን ይዞ ቆሞ አየው። ባጃጁ አሁን የሌላ ሰው ነው፤ በሰፈሩ ሲያልፍ በድምፁ ይለየዋል። የቀራቸው ተስፋ ይህ የዛገ ብረት ነው።

«ምነው ዝም አልክ? ስደበኝ እንጂ» አለች ፈድሊያ።

«ብሰድብሽ ይጠራል?»

«አይጠራም።»

«እንግዲያ ምላሴን ላሳርፈው።»

ብየዳ ቤት ላላቸው ለሽማግሌው ለሙሐመድሳኒ በጋሪ ወሰዱላቸው። ሽማግሌው ጣታቸውን በዝገቱ ላይ አሳለፉ።

«ማሎ፣ ልጆቼ! ከጊቤ ወንዝ ነው ያወጣችሁት?»

«አጥበነው ነው፣ አባ» አለች ፈድሊያ።

«በምን? በመጥረቢያ?»

«እርስዎ ይቀልዱ። እንደገና ቢቀባ ይሻላል?»

«ውጪውን ቀቢው፣ እሱ ለዓይን ነው። ውስጡን ከቀባሽው ግን ቀለሙን የሚበላው ተማሪው ነው። ውስጡን በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ፈግፍጊና ዘይት ቀብተሽ፣ ከሰል አንድደሽ፣ ክዳኑን ዘግተሽ አቃጥይው። ስትደጋግሚው ራሱ ይጠቁርልሻል።»

«የለቀቀ ቀለም ቢቀርና ሥጋው ላይ ቢረግፍስ?»

«ከቀረ አልፈገፈግሽም ማለት ነዋ።»

ይህን ለሌላ ሰው ቢሉት ምክር ነው፤ ለፈድሊያ ግን የማያልቅ ሥራ ሆነ። ፈገፈገች፣ ቀባች፣ አቃጠለች፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ብርሃን አዙራ አንዲት ነጥብ ታገኝና እንደገና ትጀምራለች። በዚህ መካከል ትምህርት ተከፈተ። ግቢው አጠገብ ሌላ ሰው ድንች መጥበስ ጀመረ።

«ማሎ፣ ፈድሊያ፣ ወንፊት ሳይሆን ይብቃው» አለ ፋሂም።

«እኔ ያልበላሁበትን ለሰው አልሸጥም።»

«ታዲያ መቼ ትበያለሽ?»

ብሩሹን አስቀመጠች። እጇ እስከ ክርኗ ዝገት ነበር። «ዶሮ አምጣ» አለች፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቀስ ብላ።

ፋሂም ወገቡ እየጮኸ በሚኒባስ ሰርቦ ገበያ ድረስ ሄደ። ዶሮዋን የሸጠችለትን ሴት ስም ጠየቀ፤ ዶሮዋ ምን ስትበላ እንዳደገች ጠየቀ፤ ማን እንዳረዳት፣ ወዴት ዞሮ እንዳረዳት፣ በምን ቢላ እንደሆነ በልቡ ይዞ፣ መንገዱን ሁሉ እንደ ቁርኣን ቤት ልጅ እያነበነበ ተመለሰ። ከመልሶቹ አንዱ ቢጎድል መጥበሻው እንደገና ወደ አፈር እንደሚመለስ ያውቃል።

ከሰሉ ግሎ ደረሰ። ፈድሊያ ሥጋውን ከእጁ ተቀብላ፣ ጨው ነስንሳ፣ ጠቁሮ በወዛው ፍርግርግ ላይ ዘረጋችው። ፋሂም አጠገቧ ቆሞ ጥያቄውን ጠበቀ። ዘይቱ ተንጫጫ። አገላበጠች። ክንፉን ገንጥላ ወደ ብርሃን አዙራ አየችው፤ «ቢስሚላህ» ብላ ነከሰች፤ አላመጠች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

ፋሂም ግራ ገባው። «ዶሮዋን ያረዷት...» ብሎ አፉን ሲከፍት፣ የቀረውን ክንፍ አጎረሰችው።