«ላት» ወይስ «ባት»

ሰኞ ዕለት ከትዕግስት ጋር ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር። ትዕግስት የሟቹ ወንድሜ የገመቹ የቀድሞ ሚስት ናት። ወንድሜ ለልጁ ለሲፈን ይሰጥ የነበረው ቀለብ ከእንግዲህ ምን እንደሚሆን ለመጠየቅ ነበር የሄድነው። ጸሐፊዋ ፋይሉን አገላብጣ «አባትየው ስላረፉ ቀለቡ ይቋረጣል፤ የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡ» አለችን። ሌላም ነገር ተናግራለች፤ እኔ ግን «ይቋረጣል» ላይ ቀርቼ ነበር። ትዕግስት ዞር ብላ አየችኝ። ሁለታችንም ድሮ መቂ ላይ የሆነውን አስታወስን።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ገመቹ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚጭን ተሳቢ ይነዳ ነበር። እሱ መንገድ ላይ፣ ትዕግስት ልብስ ፋብሪካ ፈረቃ ላይ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ትዳሩ ፈረሰ። ሲፈን ከእናቷ ጋር እንድትኖር ተስማሙ። የቀረው ፍርድ ቤቱ ቀለቡን እንዲወስንና አባትየው እሁድ እሁድ ልጁን እንዲያይ እንዲፈቅድ ብቻ ነበር። ገመቹ ሌላው ሁሉ ሲነገረው አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል። እሁድ ሲባል ግን ቀና ይላል።

የውሳኔው ቀን ትዕግስት ፈቃድ አጥታ እናቷን እትዬ አስካለን ላከች። እትዬ አስካለ ገበያ ላይ የወንጂ ሸንኮራ ይሸጣሉ። ችሎቱ በኦሮምኛ ስለሆነ አስተርጓሚ ይምጣልዎት ወይ ቢባሉ፣ «በኦሮምኛ ስሸጥ ነው ያረጀሁት» ብለው እምቢ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ደንበኛ «ናፍ ሙሪ» ሲላቸው፣ ቁረጪልኝ ማለት ነው፣ ቆርጠው ይሰጣሉ። ዳኛው «ቀለብኒ ሙርታኤራ» ብለው አነበቡ። ቀለቡ ተወስኗል ማለታቸው ነበር። እትዬ አስካለ የሰሙት ግን «ሙሪ»ን ነው።

ግቢው ውስጥ ገመቹን አስቆሙት።

«አንተ ገመቹ፣ ቀለቡ ተቆረጠ ነው የሚሉት?»

በአማርኛችንም ቀለብ ሲወሰን «ተቆረጠ» ይባላል፤ ደመወዝም እንደዚያው። ስለዚህ ወንድሜ ደስ ብሎት መለሰ።

«አዎ እማማ፣ ተቆረጠ። ተመስገን!»

«ተመስገን? የልጅህ ጉሮሮ ሲዘጋ ተመስገን?»

ነጠላቸውን አጣፍተው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ገመቹ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

እሁድ ትዕግስት ጋ ስንሄድ ቤቱ ተቆልፏል። ትዕግስት ስልክ አታነሳም። ጎረቤት ሲፈንን መቂ፣ የእትዬ አስካለ እህት ቤት እንደወሰዷት ነገረችን። ሚኒባስ ያዝን። የቲማቲም ወቅት ነበር፤ ከሞጆ በኋላ ሳጥኑ በየመንገዱ ዳር ተከምሯል፣ ሞቃቱ ነፋስ አቧራ ይዞ በመስኮት ይገባል። ገመቹ ጭኑ ላይ ትልቅ ሐብሐብ አቅፎ ነበር።

«ዛሬ ካላሳዩኝ ነገ መክሰሴ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ከከሰስኩ ግን አያቷን ፖሊስ ሲወስዳት ልጄ ታያለች። ከዚያ በኋላ እኔን አባቴ ትለኛለች?»

እትዬ አስካለ በሩ ላይ ጠበቁን።

«የቆረጥከውን ልትቀጥል መጣህ?»

«ኧረ እማማ፣ እኔ ምን ቆረጥኩ? ዳኛው ነው የቆረጠላት!»

ትዕግስት ከውስጥ ሰምታ ወጣች።

«ቆይ፣ ምን አልክ? ቆረጠላት ነው ቆረጠባት?»

«ላት! ላት ነዋ! ባት ቢሆን ሐብሐብ ተሸክሜ መቂ ድረስ ምን አመጣኝ?»

ትዕግስት ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። እናትየው ግን በቀላሉ አልተረቱም።

«ታዲያ ዳኛው ሸንኮራ የሚገዛ ይመስል ሙር ሙር ምን አሰኘው?» ብለው ሐብሐቡን ከገመቹ እጅ ወሰዱና ቢላዋ ፍለጋ ገቡ።

ሲፈን አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ፍሬውን ሸሚዙ ላይ ስትተፋ አመሸች። ከዚያ ወዲህ ገመቹ እሁድ በሩን ሲያንኳኳ ከውስጥ «ላት ነው ባት?» ትለዋለች። «ላት!» ሲል ትከፍትለታለች።

ወንድሜ ታሞ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። ጸሐፊዋ ቀለቡን እንድከፍል እኔን የሚያስገድደኝ ሕግ እንደሌለም ነግራኛለች። ልክ ሳትሆን አትቀርም። ስለ ቀለቡ ነው የጠየቅናት፤ እሁድን ግን ማናችንም አላነሳንም።

ትናንት እሁድ ነበር፤ ሐብሐብ ገዝቼ ሄድኩና አንኳኳሁ። ሲፈን አድጋለች፤ ጨዋታውን ትታዋለች ብዬ ነበር። ከውስጥ የእግር ኮቴ መጣና ቆመ።

«ላት ነው ባት?»

ሐብሐቡን በአንድ እጄ አቅፌ እንደገና አንኳኳሁ። እሷ ግን አልከፈተችም፤ ጠበቀችኝ።

«ላት» አልኩ።