ያልተነሳው መርፌ

መርዳሳ የታመመ ሞተር ሲቀርብለት መፍቻ ከማንሳቱ በፊት መዳፉን ያሳርፍበታል። የሕፃን ግንባር እንደሚዳስስ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ይላል። ብረት እንዲህ በርኅራኄ ሲነካ ያየ ሁሉ መገረሙ አይቀርም ነበር።

ተወልዶ ያደገው አርሲ ነገሌ አጠገብ ነው። ልጅ ሳለ እህል በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ናዝሬት ገባ፤ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ የቀረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥም ሙያውን ተማረ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የሚጠራው በጣሊያንኛ፣ የሚጸልየው በኦሮምኛ፣ የሚጣላው ደግሞ በአማርኛ ሆነ። «በሦስት ቋንቋ ስትደክም አንዱም ሀብታም አላደረገህም» እያለ የሚያበሽቀው የብየዳ ሠራተኛው ኑሬ ነበር። በደርግ ዘመን ሁለቱም ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ውስጥ ይሠሩ ነበር።

የምርት ዘመቻው የታወጀበት ዓመት ነው። ግድግዳው ሁሉ በመፈክር ተሞልቷል፤ የመለዋወጫ መጋዘኑ ግን ባዶ ነው። በግቢው ጥግ አንድ የሞተ የጭነት መኪና ቆሟል። ሌሎቹ መኪኖች በሙሉ የሚኖሩት ከሱ ሬሳ እየተነቀለ በሚሰጣቸው ዕቃ ነው። የእርሻው አሮጌ ላንድሮቨር ቡልቦው ሲበላሽም መርዳሳ የሄደው ወደዚያው ሬሳ ነው። ቡልቦ የሚሉት አውራ ጣት የምታህል የናስ ቁራጭ ናት። እንደ ብሎን ባለ ጥርሷ ሞተሩ ላይ ትገጠምና የውኃውን ሙቀት በአንዲት ሽቦ ወደ ሹፌሩ ፊት ትልካለች፤ እዚያ አንዲት ቀጭን መርፌ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ ትነሳለች።

ከሬሳው የወጣችው ቡልቦ ግን ለቀዳዳው ትንሽ ቀጠነች፤ ውኃ አንጠባጠበች። መርዳሳም በናዝሬት ጋራዦች ሁሉ የሚደረገውን አደረገ። ከጆንያ ክር መዘዘ፣ በዘይት ቀለም ነከረ፣ ጥርሷ ላይ ጠመጠመና አጠበቃት። ውኃው ቀጥ አለ።

«ከአዲስ ትሻላለች» አለ ኑሬ።

የላንድሮቨሩ ሹፌር ሰንበታ ይባላል። ቀልደኛ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ከሁለት ዓመት በፊት ከቤት ተወስዶ ሳይመለስ ከቀረ ወዲህ ግን ቀልዱ አጥሯል። በኅዳር፣ ስንዴው ሲያሽት፣ የእርሻውን ካድሬ ጓድ ሐዲስን ዝዋይ ላይ ወደሚደረግ ትልቅ ስብሰባ ይዞ ወጣ። ዓለም ጤናን አልፈው መቂ ሳይደርሱ ሞተሩ አንዴ ጮኸና ደረቀ። ውኃ ወደ ሞተሩ የሚወስደው የጎማ ቱቦ ከሥር ተሰንጥቆ ኖሯል። ነፋሱ ከኋላ የሚያመጣው አቧራ እንፋሎቱን ደብቆታል። ጓድ ሐዲስ ከአለቆቹ ፊት በሰዓቱ መቆም ሲገባው፣ ከጠፍ መሬትና ከግራር በቀር በሌለበት መንገድ ላይ በእግሩ ሄደ።

ሰንበታ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «መርፌዋ ከቀዝቃዛ አልተነሳችም።»

ላንድሮቨሩ በትራክተር ተጎትቶ ተመለሰ። ሐዲስ ሠራተኛውን በሙሉ ጋራዡ በር ላይ ሰበሰበ። ሰንበታ በሁለት ጥበቃዎች መካከል ቆሟል።

«ይህ ሰው መርፌው አልተነሳም ይላል» አለ ሐዲስ። «እኔ ደግሞ ወንድሙ ማን እንደነበር አውቃለሁ። ሞተሩን ሆን ብሎ አቃጥሎት እንደሆነ እዚሁ፣ በሕዝብ ፊት ይጣራ። ጓድ መርዳሳ፣ ቀጥል።»

ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ቡልቦዋ ከተበላሸች ሰንበታ ቤቱ ይገባል። ከሠራች መርፌው ሲነሳ እያየ ነድቷል ማለት ነው፤ የዚያ ስሙ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፤ በአሻጥር የሄደ ደግሞ አይመለስም።

መርዳሳ ቡልቦዋን ፈታ። ጥርሷ ላይ የደረቀውን ክርና ቀለም በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ አነሳው። ሽማግሌው ጣሊያን «የቆሸሸ ዕቃ አይመረመርም» ብሎ ስላሳደገው፣ እጁ ይህን ሳያስብ ነው የሚሠራው። ናሷ ወርቅ መሰለች። ውኃ በድስት አድርጎ ላምባ ምድጃ ላይ ጣደ። ከመኪናው የመጣውን ሽቦ በራሷ ላይ አሰረ፤ ሌላ ሽቦ በወገቧ ዙሪያ ጠምጥሞ ከመኪናው ብረት ጋር አገናኘ፤ ከዚያም ድስቱ ውስጥ ነከራት።

ውኃው መሞቅ ጀመረ። ሁሉም በመኪናው መስኮት አንገቱን አሰገገ። መርፌዋ ተንቀጠቀጠች፤ እንደ ሣር ቀና አለች፤ ከዚያ ቀስ እያለች ወጣች፤ ውኃው ሲፈላ ቀዩ ላይ ደርሳ ቆመች።

«ትሠራለች ወይስ አትሠራም?» አለ ሐዲስ።

መርዳሳ ሰንበታን አየው። የሚሄድበት የጴንጤዎች ጸሎት ቤት በቀበሌ ከታሸገ ወዲህም ቢሆን በሐሰት መመስከርን የሚፈራ ሰው ነበር።

«ትሠራለች» አለ።

«ጋሼ፣ አልተነሳችም እኮ ነው የምልዎት» አለ ሰንበታ። የሚያስረዳ እንጂ የሚለምን ድምፅ አልነበረም። ጥበቃዎቹ ክንዱን ያዙት።

ከዚያ በኋላ የሰንበታ ሚስት ጉዲቱ በየቀኑ ቀትር ላይ በጨርቅ የታሰረ ሳህን ይዛ በጋራዡ በር ታልፋለች። እስር ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ድሮ «አከም ጅርቱ፣ ጋሽ መርዳሳ» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ሳትሰጥ የማታልፈው ሴት፣ አሁን ፊቷን ወደ ማዶ አድርጋ ትሄዳለች። እሱም መፍቻ ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ያንኑ መልሶ ያነሳል።

አንድ ቀን ኑሬ የተሰበረ ማረሻ ሊበይድ የመበየጃውን መቆንጠጫ ብረቱ ላይ አስነከሰ። ዘንጉን ቢነካካው እሳት አልወጣ አለ። ደጋግሞ ነካው። ምንም።

«ኤዲያ፣ ቀለም ላይ ኖሯል ያስነከስኩት» አለና በሞረድ ቀለሙን ፋቀው። እንደገና ሲነካው እሳቱ ተፍለቀለቀ።

መርዳሳ ባለበት ደርቆ ቀረ። ኤሌክትሪክ በሽቦ ይመጣል እንጂ የሚመለሰው በብረቱ ነው። ብረት ከብረት ካልተነካካ መንገዱ ይዘጋል። የቡልቦዋን ጥርስ ከሞተሩ የለየው ክርና ቀለም ነበር። እሱ ደግሞ ያንን ክርና ቀለም በገዛ እጁ አጽድቶ፣ በወገቧ ላይ በገዛ እጁ ሽቦ አስሮ መንገዱን ከፈተላት፤ ከዚያም ትሠራለች ብሎ መሰከረ።

«ኑሬ፣ ጆንያ አምጣ» አለ።

ክሩን ቀለም ነክሮ እንደ ቀድሞው ጠመጠማት፤ እስኪደርቅ ጠበቀና በእርሻው ሌላ ደህና ላንድሮቨር ሞተር ላይ አጠበቃት። የራዲያተሩን ፊት በጆንያ ሸፍኖ ሞተሩን አስነሳ። ውኃው ፈልቶ በክዳኑ በኩል ገነፈለ። መርፌዋ ቀዝቃዛ ላይ ተኝታ ቀረች። ክሩን አንስቶ ሲያጠብቃት ውኃው አንጠባጠበ፤ መርፌዋ ግን ወዲያው ተነሳች።

ኑሬ ሞተሩን አጠፋና በሩን መለስ አደረገ።

«አሁን ይህን ልትነግራቸው ነው?»

«ታዲያስ።»

«ክሩን የጠመጠመው ማን ነው ቢሉህስ?»

«እኔ ነኝ እላለሁ።»

«አንተ ጴንጤ፣ ሰማይ ቤት ቸኩለሃል። አንድ ሰው ታስሯል፤ ሁለት ስትሆኑ ምን ይጨመርለታል? ቢበዛ ጎኑ ይሞቀው ይሆናል።»

መርዳሳ እጁን በጋዝ ታጥቦ ወጣ።

ጓድ ሐዲስ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ሰማው። መርዳሳ ቡልቦዋን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ የክሩን፣ የቀለሙንና የብረቱን ነገር አንድ በአንድ አስረዳ።

«ስለዚህ አሻጥረኛው አንተ ነህ» አለ ሐዲስ።

«አሻጥር አይደለም ጌታዬ፣ ስህተት ነው። ስህተቱ ግን የኔ ነው። ሰንበታ ያየውን ነው የተናገረው። ከፈለጉ አሁኑኑ ይምጡ፣ በዓይንዎ ይዩት።»

ሐዲስ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከመስኮቱ ማዶ እስከ ኮረብታው ሥር ድረስ ስንዴ ነው፤ ነፋሱ ያስተኛዋል፣ ይነሳል። ግቢው ውስጥ ሁለት ኮምባይኖች ቆመዋል፤ አንዱ ሆዱ ተከፍቷል።

«ኮምባይኑን ማን ያስነሳዋል?» አለ።

«አቤት?»

«አንተ እስር ቤት ከገባህ ማን ያስነሳዋል? ኑሬ?»

መርዳሳ በመስኮቱ ሆዱ የተከፈተውን ኮምባይን አየ።

«ሹፌር ተተክቷል» አለ ሐዲስ። «ሹፌር በየመንገዱ አለ። ይህ ስንዴ ሳይታጨድ ዝናብ ቢመታው ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሠራተኛው ሁሉ መርፌው ሲነሳ አይቷል፤ አንተም ትሠራለች ብለሃል። ነገሩ አልቋል። ሌላ ቦታ ካነሳኸው ያን በያጅ ጓደኛህንም እጠይቀዋለሁ። ይህን አንሳና ሥራህን ሥራ።»

እየጠቆመ የነበረው ቡልቦዋን ነው። መርዳሳ ቡልቦዋን ኪሱ ከቶ ከቢሮው ወጣ። ለመታሰር ተዘጋጅቶ መጥቶ ነበር፤ ለሥራ ተፈልጎ ለመቅረት ግን አልተዘጋጀም። ጥፋቱን ይዞ ቢመጣ የሚቀበለው እንኳ መጥፋቱ አስደነገጠው።

ቀትር ሲሆን መንገዱ ዳር ቆሞ ጉዲቱን ጠበቃት። ዛሬ የምትመጣው ከወዲያ፣ ከእስር ቤቱ በኩል ነው። ሳህኑ እንደታሰረ ነው።

«ጉዲቱ፣ የምነግርሽ አለኝ» አለና መንገዱን ገባ ብሎ ቆመ። ሁሉንም ነገራት። ክሩን የጠመጠመው እሱ መሆኑን፣ ያነሳውም እሱ መሆኑን፣ ሰንበታ እውነቱን እንደነበረ።

ዓይኗን ከአፉ ሳታነሳ ሰማችው።

«ለነሱስ ነግረዋቸዋል?»

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ስንዴው ደርሷል አሉ።»

ሳህኑን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ምግቡን መልሰውብኛል» አለች። «ከእንግዲህ አታምጪ፣ እዚህ የለም አሉኝ። የት ነው ስላቸው እኛም አናውቅም አሉ።»

መርዳሳ ኮፍያውን አወለቀ።

«ሰው ሁሉ መርፌው ተነሳ ሲለኝ» አለች ጉዲቱ፣ «እኔም ተጠራጠርኩት፣ ጋሽ መርዳሳ። በወንድሙ ተናዶ አድርጎት ይሆናል ብዬ። ትናንት በአጥሩ ቀዳዳ ‹ለኔ እንኳ እውነቱን ንገረኝ› አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ምንም አልመለሰልኝም።»

እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለች። መርዳሳም አጠገቧ ቁጭ አለ። ቆይቶ ከግቢው ኑሬ ስሙን እየጠራ መጣ፤ ኮምባይኑ አልነሳም ብሎ ጓድ ሐዲስ ይጣራል አለ። ጉዲቱን ሲያያት ድምፁን ዝቅ አደረገና ያንኑ ደግሞ ነገረው።

መርዳሳ ተነስቶ ሄደ። መዳፉን ሞተሩ ላይ አላሳረፈም፤ ቀጥታ መፍቻውን አነሳ። ስንዴው በዚያው ሳምንት ታጭዶ ገባ።