የመኪና ዓይን በአባባ መስኮት

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ውስጥ የባለቤቴን አሮጌ መኪና ጋራዥ አስገብቼ ሳለ፣ መካኒኩ የተሰበረውን ፓውዛ በካቻቪቴ ፈልቅቆ አወጣና ከነአቧራውና ከነተቃጠለ ዘይት ሽታው ከእግሬ ሥር ወረወረው። ከስብርባሪው መሐል አንድ ወፍራም ክብ ሌንስ፣ ባንድ በኩል ያበጠ፣ በሌላው ልሙጥ፣ ብልጭ አለብኝ። «ይኼን ልውሰደው?» ስለው ሰውየው ሥራውን ትቶ እኔን ያይ ጀመር። ምን ይፍረድ፤ አንዲት ጎልማሳ ሴት ከቆሻሻ ክምር ላይ ጎንበስ ብላ መስተዋት በቀሚሷ ስትወለውል ማየት የጤና አይመስልም። እኔ ግን ልቤ ሸፍቶ ያደግሁበት ሞላሌ ገብቷል።

ደርግ ከወደቀ አሥር ዓመት አልፎት ነበር፣ እኔም ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ካለው ቤታችን በላይ፣ መንገዱ ከሚጠመዘዝበት ጥግ፣ ጭጋግ በሸፈነው አንድ ጠዋት መኪና ተገለበጠ። ሾፌሩ ግንባሩን ብቻ ተጭሮ በእግዜር ቸርነት ወጣ፤ ባለንብረቶቹም ሞተሩንና ጎማውን ወስደው ቀፎውን እዚያው ተዉት። ሰፈርተኛው ቀፎውን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፈለው። የአንደኛው ቤት የበግ ጉረኖ የመኪና በር ገጠመ፣ የሌላው ሽማግሌ በሾፌሩ ወንበር ላይ ደጃፋቸው ተቀምጠው ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ። ለእኔ የደረሰኝ ማንም ያልፈለገው የፓውዛው ሌንስ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ «የሞተ መኪና ዓይን» ብለው ስም አወጡለት፤ ቤት ማስገባቱም ደግ እንዳልሆነ እናቴን መከሯት።

በዚያ ሌንስ ያላየሁት ነገር አልነበረም። የገብስ ጢም የመጋዝ ጥርስ እንዳለው አየሁ፣ የቁንጫን ፊት አይቼም ለቀናት ሰውነቴን ሲያሳክከኝ ሰነበተ። ፀሐይ በእሱ ሰብስቤ ጭድ ለኩሳለሁ ስል የእናቴን ነጠላ ጫፍ አቃጥዬ የደረሰብኝን ባልናገረው ይሻላል። ታዲያ አንድ ቀን ከበራችን ፊት ለፊት ካለው ነጭ ግድግዳ ጠጋ አድርጌ ስይዘው፣ በራችን ከነደጃፉ አንሶ ግድግዳው ላይ ቁጭ አለ፤ ያውም ተዘቅዝቆ። አንዲት ዶሮ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ እህል ትለቅማለች። የፊዚክስ መጽሐፋችን ላይ ተገልብጦ የተሳለውን ሻማ ያመንኩት ያን ዕለት ነው። ወዲያው የሳሙና ካርቶን ቀድጄ፣ ሌንሱን ከፊቱ ሰክቼ፣ ጀርባውን ቅቤ ባሸሁት የደብተር ወረቀት ሸፈንኩት። ቅቤ ወረቀትን ብርሃን እንዲያሳልፍ ያደርገዋል፤ ድመትም ይጠራል፤ የኛዋ ስንቱን ወረቀት ልሳ ቀዳብኛለች።

በዚያው ዓመት ከገና በፊት አያቴ አባባ ከተዝካር ሲመለሱ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ወጌሻው አስሮ በጀርባቸው አስተኛቸውና ንቅንቅ እንዳይሉ ገዘታቸው። አባባ የደብራችን መሪጌታ ነበሩ። በየዓመቱ ጥምቀት ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ሲመለስ፣ ከቀኙ ረድፍ መጀመሪያ ቆመው ዜማውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ካስተማሯቸው ልጆች ግማሹ አስኳላ ገብቶ፣ ግማሹ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ወርዶ ተበትኖባቸዋል። ስለዚህ በዓሉ እየቀረበ ሲመጣ ከሕመሙ ይልቅ ሌላ ነገር ያብሰለስላቸው ጀመር። «ሰልፉ በአጥራችን ሥር እያለፈ፣ ቦታዬ ላይ ማን እንደቆመ ሳላይ ልቀር ነው» ሲሏት ለእናቴ ሰማኋቸው። ድምፅ እንዳይለዩ በእልልታና በከበሮ ይዋጣል። ከግርጌያቸው ያለችው መስኮት ደግሞ ከተኙበት ሲያዩዋት ከሰማይ በቀር ምንም አታሳይም። ቦታው ባዶ ከሆነ ዜማው ከእሳቸው ጋር አልጋ ላይ ቀረ ማለት ነው።

እኔም ካርቶኔን አምጥቼ፣ ሌንሱን ወደ መንገዱ፣ ወረቀቱን ወደ አልጋው አዙሬ መስኮቷ ላይ ሰካሁት። እትዬ አስካለ ለጥየቃ መጥተው ወረቀቱ ላይ አንድ አህያ እግሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ሲያልፍ ቢያዩ ጮኹ። «በማርያም! ነገ ታቦት ተዘቅዝቆ ሊታይ ነው? ይቺ ልጅ ታስቀስፈናለች!» እናቴ ደነገጠች። እኔ ይቃናል ብዬ ካርቶኑን በጎኑም በጀርባውም ባገላብጠው፣ አህያው ወይ ፍንክች። ያኔ አባባ ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«ተይው ልጄ። እኔ ዳዊት የደገምኩት ከማዶ ተቀምጬ ነው» አሉ። በሳቸው ልጅነት ለዚያ ሁሉ ተማሪ የነበረው አንድ ዳዊት ነው፤ ቀድሞ የመጣ በቀናው በኩል ይቀመጣል፣ የዘገየ ከወዲያ ማዶ ፊደሉን ተዘቅዝቆ ያነባል። አባባ ደግሞ ከሩቅ እየመጡ ሁልጊዜ ይዘገዩ ስለነበር፣ ኋላ መጽሐፍ አቅንተው ሲሰጧቸው ጨነቃቸው። «አይዞሽ አስካለ» ብለው ጨመሩ፤ «ታቦቱ በክብሩ ነው የሚያልፈው፣ የተዘቀዘቀው የኔ ወረቀት ነው።»

በማግሥቱ የመስኮቷን ዙሪያ በጋቢ ቁራጭ ደፍነን ቤቱን አጨለምነው። ከበሮው ሲቃረብ ከጥፍር የማይበልጡ ሰዎች ወረቀቱን ሞሉት፤ ጃንጥላዎቹ ከታች፣ እግሮቹ ከላይ። ለእኔ ቀለም ብቻ ነበር። አባባ ግን ያነቡ ጀመር። «ያ ቄሰ ገበዙ ነው፤ ያቺ የአስካለ ልጅ ናት፣ ጫማዋን በእጇ ይዛለች።» እናቴ ታቦቱ ደረሰ ብላ ወለሉ ላይ ተደፋች፤ እኔ ካርቶኑ እንዳይወድቅ ደግፌ ቆሜ ቀረሁ። አባባ ዓይናቸውን የቀኙ ረድፍ መጀመሪያ ላይ ተከሉ።

«ጥበቡ!» አሉ ድንገት። ጥበቡ ዜማ ያጎትታል ብለው ስንቴ የገሠጹት፣ አዲስ አበባ ጠፍቶ ቀረ ያልነው ተማሪያቸው ነው። «ጥበቡ ነው የቆመው! መቋሚያ አያያዙን እዩልኝ፣ እኔኑ ነው እኮ!» ከዚያ በቀስታ አብረውት ማዜም ጀመሩ፣ ጣታቸው ጋቢው ላይ እየመታ። በጀርባቸው ስለተኙ እንባቸው ወደ ጆሯቸው ነው የፈሰሰው።

ዳሌያቸው አልገጠመም። ካርቶኑን እንዳናነሣው አዘዙና፣ በዚያች ቅቤያም ወረቀት የአላፊ አግዳሚውን ስም ሲያነቡልን ከርመው ክረምቱ ሲገባ ዐረፉ። ዐርባቸው ከወጣ በኋላ እናቴ መስኮቷን ክፈቻት አለችኝ። ከማንሣቴ በፊት አልጋቸው ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ። የገበያ ቀን ስለነበር ሰዉ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ይተማል። «ይኼ ደግሞ ማነው?» አልኩ ጮክ ብዬ። እናቴ ከጓዳ ሰምታኛለች።

ዘንድሮ የአክስቴ ልጅ የደብራችንን ጥምቀት በስልኩ ቀርጾ ላከልኝ። ሁሉም ቀጥ ብሎ፣ ጠርቶ፣ ቀርቦ ይታያል። ከቀኙ ረድፍ መጀመሪያ የቆመው ወጣት ነው፤ አላወቅሁትም። ደጋግሜ አየሁት። መቋሚያውን በወጉ ይዞት እንደሆን የሚነግረኝ አባባ ብቻ ነበሩ።