«እሺ ልጄ» ያደበዘዘው ፊልም

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ሸዋ ሮቢት በራጅ ቴክኒሺያንነት ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን የክፍሉ ኃላፊ እትዬ አስቴር ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጥ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና «እኔ የደበዘዘ ፊልም አላይም» አሉኝ። የቆላው ሙቀት ሽርጡን ከክብደቱ በላይ አክብዶት ነበር።

የመጀመሪያው ታካሚዬ ጋሼ ሰይድ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ሳል ከያዛቸው ሰንብቷል። ሐኪሙ ሳንባ ነቀርሳ ጠርጥሮ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ አዲስ ከተወለደችው የልጅ ልጃቸው እንዲርቁ ነግሯቸዋል።

«ከበር ቆሜ ነው የማያት» አሉኝ።

ደረታቸውን ፊልሙ ያለበት ካሴት ላይ አስደግፌ «ትንፋሽ ይያዙ!» አልኩ። ፊልሙ ደብዝዞ ወጣ። ደገምኩ፤ አሁንም ደበዘዘ። በሳጥኑ ውስጥ የቀረው አንድ ፊልም ብቻ ነበር።

እትዬ አስቴር ከበሩ ሆነው ሰምተው ሳቁ። «አንተ፣ ስታናግራቸው ዝም እንዲሉህ ነው? ‹እሺ ልጄ› ይሉሃል እኮ!»

እውነታቸውን ነበር። በዚያ አገር ሰው ሲናገርህ አለመመለስ ነውር ነው፤ ጋሼ ሰይድም የያዙትን ትንፋሽ በአክብሮት ያወጡት ነበር። አፈርኩ። የጨረሩን ኃይል ከፍ አድርጌ ጊዜውን አሳጠርኩ፤ መልሰውልኝ እንደገና ትንፋሽ እስኪይዙ ጠብቄም ቁልፉን ተጫንኩ።

ሐኪሙ ፊልሙን አየና «ነቀርሳ የለም፤ ይታቀፏት» አላቸው። የደበዘዙትን ልጥል ስል «የእኔ አይደሉም እንዴ?» ብለው ሦስቱንም ይዘው ሄዱ።

ጡረታ ልወጣ ስቃረብ ያቺ ሕፃን፣ ዘሃራ፣ አድጋ መጣች። ውጭ አገር ፊዚክስ ታጠናለች፤ የምትሠራውም በራጅ ነው። ምን እንደምታነሳ ጠየቅኋት።

«ሞለኪውል ውስጥ ኤሌክትሮን ሲንቀሳቀስ።»

«እሱን ደግሞ እንዴት አድርጋችሁ ትንፋሽ ያዝ ትሉታላችሁ?»

«አንለውም፣ ጋሼ። የጨረራችንን ብልጭታ እናሳጥራለን። ሴኮንድን ለቢሊዮን ከፍለው፣ ያንንም መልሰው ለቢሊዮን ቢከፍሉት፣ ወደዚያ የተጠጋ ነው። በአንዱ ብልጭታ እንቀሰቅሰዋለን፣ በሌላው እናየዋለን። በመካከላቸው ያለውን ጊዜ እየለዋወጥን ስንደጋግመው አካሄዱ ይገለጣል።»

ይህን ሁሉ ዘመን ራጅ አንስቼ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እስኪደክማት ጠየቅኋት።

ልትሄድ ስትል ከቦርሳዋ አንድ ፊልም አወጣች፤ ከደበዘዙት አንዱ ነው። አያቷ የፊልሞቹን ታሪክ ነግረዋት ነበር፤ ካረፉ ሰንብተዋል።

«ጥሩው ፊልም ሳንባቸውን ነው የሚያሳየኝ» አለች። «ይኼኛው ግን ‹እሺ ልጄ› ሲሉ ነው።»

ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዤ አለቀስኩ።

እናንተ ከኋላ የመጣችሁ፣ የደበዘዘ ፊልም ከመወርወራችሁ በፊት ምን እንደተንቀሳቀሰ ጠይቁ።