በስልክ የሰማሁት መርዶ

ስልኩ ሲጮህ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ...

ዘመኑ ደርግ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። እናቴ ጡቷ ላይ ነቀርሳ ተገኝቶባት አዲስ አበባ ከሄደች ሰንብታለች። ታላቅ እህቴ አብራት ሆና ታስታምማታለች። ኦፕራሲዮን መደረጓን ሰምተን ነበር... ከዚያ በኋላ ግን ወሬዋ ጠፋ።

ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ነቀርሳ ማለት ሞት ነው። ስሙን እንኳ ደፍሮ የሚጠራው የለም፤ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው።

አባቴ ግን ተስፋ አልቆረጠም። አስተማሪ ነው፤ ዝምተኛ ሰው። በየማለዳው ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይጸልያል፣ ለቁልቢ ገብርኤልም ተስሏል። ከወሎ መጥታ አጠገባችን ሻይ ቤት የከፈተችው የእናቴ ጓደኛ እትዬ ጦይባም በየሶላቷ ዱዓ ታደርግላታለች። እኔ ደግሞ በመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ «ነቅቻለሁ» ብዬ፣ ሁለቱንም በሆዴ እታዘባቸው ነበር።

ስልኩን አነሳሁት። ናዝሬት የሚኖረው አጎቴ ነው። መስመሩ ይንጫጫል።

«...እናትህ... አሁን... አልፋለች...»

«ምን? አይሰማም!»

«አልፋለች! ባቡሩ ላይ ናት... ጣቢያ ውጡና ተቀበሏት!»

ተቆረጠ።

ሬሳዋን በባቡር ልከውልናል ማለት ነው...

እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ። አባቴ ለምሳ ገብቶ ነበር። እያለቀስኩ ነገርኩት። አላለቀሰም። ማንኪያውን አስቀመጠና ትክ ብሎ አየኝ።

«መርዶ እንዲህ አይነገርም» አለኝ። «ሰው ይላካል፣ ሽማግሌ ይላካል። አጎትህ ባለጌ አይደለም፤ በስልክ አይጮህብህም።»

«አባዬ፣ በጆሮዬ ሰማሁ እኮ!»

«ትመጣለች።»

ያኔ ነው ከአፌ ያ ነገር የወጣው።

«ሞታለች! ገብርኤልም አላዳናት፣ ያንተም ጸሎት አላዳናት! እመን እንጂ!»

አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። እሱ ግን ተነሳና የታጠበውን ሸሚዙን ለበሰ፤ ከበሩ ጀርባ የእናቴን ጃንጥላ አወረደ።

«ፀሐዩ አይስማማትም» አለ።

ለቅሶዬን የሰማችው እትዬ ጦይባ ሻይ ቤቷን ጥላ መጣች። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን...» ብላ ደጃፋችን ላይ ተቀመጠች። ከዚያማ ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፣ አንዱ ቤት ንፍሮ ተጣደ፣ ወንዶቹ ድንኳን ሊያመጡ ሄዱ። እኛም እያለቀስን ወደ ባቡር ጣቢያ ወረድን።

አባቴ ጃንጥላውን ይዞ ከፊታችን ይሄዳል። «አይ ጋሽ ታደሰ... አእምሮው ተነካ» ሲሉ ሰማሁ። እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት።

ባቡሩ ገባ። ሬሳ የሚጫነው ከኋላ ባለው የዕቃ ፉርጎ ነውና ሁላችንም ወደዚያ ሮጥን። አባቴ ብቻ ከመንገደኞቹ ፉርጎ ፊት ቆሞ ቀረ። እኛ የተዘጋውን በር ከበን ጮኽን። እኔ በሩን በጡጫ እየመታሁ «እማዬ! እማዬ!» እላለሁ።

ከኋላዬ ሌላ ለቅሶ ተጨመረ።

«ወይኔ! ወይኔ! የማን ሬሳ ነው? ማንን አጣን?»

ዞርኩ። እናቴ ናት።

ከስታለች፣ ጠቁራለች... ግን ቆማለች። ሀዘን መስሏት፣ እንደ ደንቡ ከእኛ ጋር እያለቀሰች ነው! እጇን አንስታ ደረቷን ልትመታ ስትል አባቴ ከኋላ ያዛት። «ቁስሉ! ቁስሉን!» አላት። በሌላው እጁ ጃንጥላውን ዘርግቶላታል። እህቴ ሻንጣ እንደያዘች አፏን ከፍታ ቀርታለች።

ሴቶቹ እጃቸውን ከደረታቸው አወረዱ።

«ጦይባዬ፣ ንገሪኝ እንጂ... ማን ሞቶ ነው?» አለች እናቴ።

እትዬ ጦይባ ወደ እኔ ዞረች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ሐዲዱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ!

«ማንም አልሞተም» አለ አባቴ ረጋ ብሎ። «ወንድምሽ ናዝሬትን ማለፍሽን ደውሎ ነግሮን ነው።»

ለእሷ ያለው ይህን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላም በእኔ ላይ አንዲት ቃል አልተናገረም። ቢገስጸኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ጦይባ «አልሀምዱሊላህ!» ብላ እናቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ነጠላዎቹ ተገለበጡ፣ እልልታው ቀለጠ። ለሐዘን የተቀቀለውንም ንፍሮ እናቴ ራሷ እየዘገነች ለጎረቤቱ አደለችው። ሐኪሞቹ ደህና ነሽ ብለው ሸኝተዋት ነበር፤ እውነትም ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ኖረች። ቁልቢም ከአባቴ ጋር ሄዳ ስለቱን አስገባች።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ፣ እንግዳው ሲቀንስ፣ እናቴ አጠገቧ ጠራችኝ። የምትቆጣኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ ዝግ ብላ። «አባትህ አለቀሰልኝ?»

«አላለቀሰም።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ትንሽም... ትመጣለች እያለ ነበር።»

በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ... ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም።

ሰው ለእናቱ ባለማልቀሱ ያፍራል... እኔ ግን እስከ ዛሬ የማፍረው ለእናቴ በማልቀሴ ነው።