እኅቴ የተረታችበት ጽሑፍ

በንፋስ መውጫ ከተማ ሥነ ዜጋ ሳስተምር ነው የኖርሁት። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ስለ ክልሉና ስለ አገሪቱ ፖለቲካ እጽፍ ነበር። አንድ ጋዜጣ ያወጣልኝ ነበር፤ ኋላ ደግሞ ወጣቶቹ በስልክ ይቀባበሉት ጀመር። አቋሜ የታወቀ ነው። መንግሥት በገበሬው ጓዳ አይግባ፣ ሕግ ሲወጣ ከአገሩ ልማድ ጋር ይመካከር፣ ሽማግሌ ሊጨርሰው የሚችለውን ነገር ፍርድ ቤት አይጀምረው እል ነበር። ዛሬም አብዛኛውን አምንበታለሁ። መናኸሪያ ስደርስ ሾፌሮቹ ሳይቀሩ "መምህር፣ የሰሞኑን አነበብነው" ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

ከጻፍኋቸው ሁሉ በጣም የተወደደልኝ ስለ መሬት የጻፍሁት ነው። ሕጉ ሴት ልጅም ከወንድ እኩል ትውረስ ይላል። እኔ ደግሞ፣ መሬቱ ተሸንሽኖ ተሸንሽኖ ለማንም የማይበቃ እየሆነ ነው፣ አግብታ ሌላ አገር የሄደች ልጅ ተመልሳ ብትካፈል ለአራሹ ምን ይቀረዋል ብዬ ጻፍሁ። "መሬት የሚጠበቀው በሞፈር ነው" የምትል ዐረፍተ ነገር ነበረችበት። ስጽፋት ኮርቼባታለሁ።

ያን ጊዜ ታላቅ እኅቴ ከአርብ ገበያ ከተማ ወዲያ ባለው በአባታችን ቤት ነበረች። እስቴ ወረዳ አግብታ፣ ትዳሩ ሳይሆንላት ቀርቶ ተመልሳ ነው። አባታችን ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት በተኛባቸው ዓመታት ያገላበጠችው፣ ያጠበችው፣ ያጎረሰችው እርሷ ናት። ባቄላውንም ገብሱንም ታርማለች። ታናሽ ወንድማችን ያርሳል። እኔ በየበዓሉ ስኳር ይዤ እሄድ ነበር። ይህን ሁሉ በዐይኔ እያየሁ "አግብታ የሄደች ልጅ" ብዬ ስጽፍ የማስበው ሌላ ሰው ነበር። ማንን እንደ ሆነ ዛሬ ብጠየቅ አላውቅም።

አባታችን ዐርፎ አርባው ከወጣ በኋላ እኅቴ ድርሻዬን አለች። ወንድማችን አይሆንም አለ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሰብሳቢው የአባታችን የንስሐ አባት የነበሩት ቄስ ነበሩ። እኔ ደመወዝተኛ ስለ ሆንሁ ድርሻ አልጠይቅም ብዬ ነበርና እንደ ቤተሰብ ምስክር ተጠራሁ።

ወንድሜ ከኪሱ የታጠፈ ጋዜጣ አውጥቶ ለቄሱ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ዳዊት እንደሚደግሙ ሁሉ ቀስ ብለው አነበቡት። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ አባ።"

"ዛሬስ እንደዚሁ ይላሉ?"

እኅቴ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ መሬት መሬት ታያለች። "ይህ እርሷን አይመለከትም፤ ይህን ቤት ያቆመችው እርሷ ናት" ማለት እችል ነበር። ግን የሚያነቡኝ ሰዎች ዙሪያውን ቆመው ያዳምጣሉ። የጻፍሁትን በሰው ፊት መልሼ መዋጥ አሳፈረኝ።

"እኔማ ሽማግሌ የሚለውን ነው" አልሁ።

ለእኅቴ አንዲት ላምና ጥቂት ገብስ ፈረዱላት። መሬቱ ለወንድሜ ሆነ።

ስንመለስ መንገድ ላይ "እትዬ፣ ፍርድ ቤት ብትሄጂ ሕጉ ካንቺ ጋር ነው" አልኋት።

ቆም አለች። "ወንድሟን ከሰሰች እንድባል ነው? እኅትና ወንድም ችሎት አይቁም ብለህ የጻፍህ አንተ አይደለህ? አስነብቤ ሰምቼዋለሁ።"

በሳምንቱ ላሟን ሸጣ ወደምታውቀው ወደ እስቴ ሄደች።

ወራት አልፈው፣ በጸጥታ ችግር የተዘጋው መንገድ ሲከፈት ላያት ሄድሁ። ገበያ ዳር ቆሎና ተልባ ዘርግታ አገኘኋት። ከስታለች፤ ግን በሳቅ ተቀበለችኝ። ተሳስቻለሁ ብዬ ልጽፍ ነው አልኋት።

"ጻፍ፤ ለሌላዋ ይጠቅማል" አለች። "ወንድምህ ግን ያኛውን ነው ያስቀመጠ።"

ጻፍሁት፤ ወጣም። አንዳንዱ መምህሩ ተገለበጠ አለ፣ እንደ ፊተኛው የሚቀባበለው ግን አልተገኘም። ወንድሜን እስኪ አንዲት ማሳ ስጣት ብዬ ብለምነው "ሽማግሌ የፈረደውን እኔ ላፍርስ?" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። አምስት ልጆች አሉት፤ ማሳውም እንዳልሁት ጠባብ ነው።

የአባታችን ሙት ዓመት ባቄላው እሸት በያዘ ጊዜ ዋለ። እኅቴ መጣች፤ በር አጠገብ እንደ እንግዳ ተቀመጠች። ሰው ከተሸኘ በኋላ የወንድሜን ሚስት ጠጋ ብላ "ትንሽ እሸት ብቀጥፍ ቅር ይልሻል?" አለቻት።

"ምን ማለትዎ ነው እትዬ? ይቅጠፉ እንጂ" አለቻት፤ ደንግጣ።

እኅቴ ስታርመው በኖረችው ማሳ ጠርዝ ላይ ጎንበስ አለች። እኔና ቄሱ ከአጥሩ ሥር ቆመን እናያለን።

"ተሳስተን ይሆን?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ያሳሳትኋችሁ እኔ ነኝ፣ አባ። ያን ቀን ነበር ልነግርዎ የሚገባኝ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኅቴ በማግስቱ በጠዋቱ መኪና ወደ እስቴ ተመለሰች።