ቅዳሜ የት ዋላችሁ?

ባለቤቴ ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞ መውጣት የጀመረው ክረምቱ እንዳለቀ ነው። እስከዚያ ድረስ ቅዳሜ ለእሱ የእንቅልፍ ቀን ነበር። እኔ ጅማ መርካቶ ውስጥ መጋረጃና የሠርግ ልብስ የምሰፋበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። ቅዳሜ ሥራ ስለሚበዛብኝ ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ አብረውኝ ይመጡና ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ሲለቅሙ ይውላሉ። አንድ ዓርብ እራት ላይ፣ «ብናኝ ሲተነፍሱ ከሚውሉ ነገ ቦዬ ወስጄ ጉማሬ ላሳያቸው» አለኝ። ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እውነትም ቦዬ ሄዱ። ስድስት ዓመት የሆናት ትንሿ «እኔ ጆሮውን ብቻ ነው ያየሁት» ብላ አኩርፋ፣ ዘጠኝ የሞላት ትልቋ ደግሞ ሙሉ ጉማሬ ማየቷን እየማለች ተመለሱ። በሚቀጥለው ጅሬን ኮረብታ ወጥተው የድሮውን ቤተ መንግሥት አዩ። ከዚያ ዥዋዥዌ ያለበት መዝናኛ ሄዱ። ማታ ማታ ቤቱ በወሬ ይሞላል፤ አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ትቀማታለች።

ከዚያ በኋላ ወሬው ቀረ።

«የት ዋላችሁ?» ስላቸው ትልቋ «ቦዬ» ትለኛለች።

«ደግሞ ቦዬ?»

«ደግሞ።»

ባለቤቴ ፊቱን ሲታጠብ ይቆያል። ቦዬ ረግረግ ነው፤ ከዚያ የሚመጣ ጫማ ጥቁር ጭቃ ይዞ ነው የሚመጣው። የልጆቼ ጫማ ግን የአስፋልት ዳር አቧራ ለብሶ ነበር። ጃኬቱን ልሰቅል ሳነሳው የማላውቀው ቤት ጭስ ሸተተኝ። አፍንጫዬ ላይ እንደያዝኩት ቆሜ ቀረሁ፤ እናቴን ሆንኩ።

እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ ስትጠረጥር ነው የኖረችው። አባቴ በጅማና በአዲስ አበባ መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በመጣ ቁጥር ሸሚዙን ታሸትና፣ «ይሄ የእኛ ቤት ጭስ አይደለም» ትለዋለች። እሱ «የመንገድ ነው» ይላታል። እውነቷን ነበር፤ አሰንዳቦ ላይ ሌላ ቤት ነበረው። እኔ ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ልብሱን ጠቅልሎ ጨርሶ ወደዚያ ሄደ። እናቴ ስትሞት ቀብሯ ላይ አላየሁትም። ለአርባዋ ሲመጣ በር ላይ ጠብቄ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ በእኔ ቤት ስሙ አይነሳም፤ ባለቤቴም ሠርጋችን ላይ እንኳ አላየውም።

ከሱቄ ፊት ለፊት ሻሽና ሽቶ የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። አንድ ሰኞ ጠዋት ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ወላሂ ነገር ለማምጣት አይደለም፤ ቅዳሜ ባልሽን መናኸሪያ አየሁት። ከልጆቹ ጋር ሚኒባስ ሲሳፈር።»

«ወዴት የሚሄድ?»

«እሱን አላየሁም። ሜ፣ እስቲ ወዲያው ፊትሽን አታጥቁሪ። ዘመድ ሊጠይቅ ይሆናል።»

ባለቤቴ ተወልዶ ያደገው ሸዋ ነው። በዚህ በኩል የሚጠይቀው ዘመድ የለውም።

በዚያው ሳምንት ምሳ ላይ ዓሣ ሠርቼ ነበር። ትንሿ አፏን ሞልታ፣ «አኮ ዓሣ ሲበላ አይወራም ትላለች፤ አጥንቱ ያንቃል» አለች።

«ማናት አኮ?»

ትልቋ ከጠረጴዛው ሥር እህቷን ስትረግጣት አየሁ። «የክፍሌ ልጅ አያት ናት» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ።

አኮ በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው፤ ጅማ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የእኔም የባሌም እናቶች ሞተዋል። እንግዲህ ልጆቼ አኮ የሚሏት ሴት አለች፤ ያቺ ሴት ደግሞ ልጅ ይኖራታል፤ ልጇም ወጣት ትሆናለች። እየሰፋሁ ይህችን ወጣት ሳልኳት። ቀጭን አደረግኳት። ጥርሷን አሳመርኩት። ለሌላ ሰው ሙሽራ የምሰፋውን ቬሎ እሷ ላይ ለክቼ አየሁት።

ቅዳሜ ማታ፣ «እስቲ ዛሬ ያነሳችሁትን ፎቶ አሳየኝ» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። ልጆቹ ከውኃው ዳር ቆመው ይስቃሉ። ትንሿ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳለች። ያን ቀሚስ አጥሮባት ባለፈው ሳምንት ጫፉን ፈትቼ አስረዝሜዋለሁ። ፎቶው ላይ ጫፉ ገና አልተፈታም። ስልኩን መለስኩለትና «ያምራሉ» አልኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እነሱ ከወጡ በኋላ ሱቁን ዘጋሁ። ሳምቡሳና ብርቱካን በዘንቢል ይዤ፣ ለድንገተኛ ሽርሽር እንደሄደ ሰው በባጃጅ ቦዬ ወረድኩ። ውኃው ዳር ሸንኮራ የምትሸጥ ሴት ተቀምጣለች። አባትና ሁለት ሴቶች ልጆች አይታ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ዛሬ ልጅ ይዞ የመጣ የለም» አለችኝ። «ጉማሬውም አልወጣም።»

አንድ ብርቱካን ልጬ፣ ሳልበላው ይዤው ብዙ ቆየሁ። አጠገቤ አንድ ቤተሰብ ምንጣፍ ዘርግቶ ምሳ ይበላል፤ አባትየው ለልጁ ውኃው ላይ ድንጋይ ማንሸራተት ያሳየዋል። እሱንም ጠረጠርኩት። ሚስቱ ይህን ሰው ምን ያህል እንደምታውቀው አሰብኩ።

ማታ ሲመለሱ እንደ ወትሮው ጠየቅኋቸው።

«ሁለት ጉማሬ አየን» አለች ትልቋ። «አንደኛው አዛጋ። አፉ እስከዚህ ድረስ ተከፈተ።» እጆቿን ዘረጋችልኝ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ውሸቷ ጥሩ ተደርጎ የተሰፋ ልብስ ይመስል ነበር፤ ስፌቱ የት እንዳለ አይታይም። ከባሌ ውሸት ይልቅ የእሷ አስፈራኝ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ለባብሼ ሳሎን ውስጥ ጠበቅኋቸው።

«እኔም እመጣለሁ» አልኩ።

ባለቤቴ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ጉማሬ ለማየት?»

«የምታዩትን ለማየት።»

ትልቋ ጫማዋን ማሰር አቆመች። እሱ አየኝና፣ «እንግዲያው ሹራብ ያዢ፤ ስንመለስ ይበርዳል» አለኝ። ያ አነጋገር ግራ አጋባኝ። የተያዘ ሰው እንደዚያ አይናገርም ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ፣ የለመደ ሰው ግን ይናገራል አልኩ።

መናኸሪያ ደረስን። ረዳቱ «ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሰኮሩ» እያለ ይጣራል። አሰንዳቦ ሲል ዞሬ ባሌን አየሁት። ያ ከተማ የእናቴን ባል ወስዷል፤ አሁን የእኔን ሊወስድ ነው። ባሌ ሂሳቡን ሲከፍል «አራት አሰንዳቦ» አለ። ምንም አልጠየቅኩም። ብጠይቅ መልስ ያዘጋጃል፤ ሳላስጠነቅቀው በዓይኔ ልየው ብዬ ነው። ትንሿ ጭኔ ላይ ተኛች። በመንገዱ ዳር ቀይ ቡና ተሰጥቷል፤ ሴቶች እየዞሩ ያገላብጡታል። ወጣት ባየሁ ቁጥር አንገቴን አስግጌ አየኋት።

አሰንዳቦ ወርደን ከመስጊዱ ጀርባ ባለው መንገድ ሄድን። ልጆቼ ከፊት ከፊት ሮጡና አንድ አረንጓዴ የብረት በር ሳያንኳኩ ከፍተው ገቡ። ደርሼ ስገባ ስድሳ ዓመት ያለፋት ወፍራም ሴት እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች። ትንሿ «አኮ» ብላ ወገቧ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ከሴትየዋ ትከሻ በላይ ወጣቷን ፈለግኩ።

ከበሩ ብቅ ያለው ግን ሽማግሌ ነው። መቃኑን በእጁ ይዟል። አንድ ዓይኑ ላይ ሞራ ወጥቶበት ነጭ ሆኗል። «ማነው የመጣው?» አለ።

«እማዬ ናት» አለችው ትልቋ።

አባቴ ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ እያልኩት ያደግኩትን ሰው፣ «እንደምን አደሩ» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። መቃኑን ለቆ፣ «ይግቡ» አለ። እሱም እርስዎ አለኝ።

አልገባሁም፤ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ባለቤቴ አጠገቤ መጥቶ ቀስ ብሎ ነገረኝ። አባቴ ለዓይኑ ምርመራ ጅማ መጥቶ ነበር። የባሌን መሥሪያ ቤት አፈላልጎ ገብቶ፣ የሚስትህ አባት ነኝ፣ ልጆቹን አንድ ቀን እንዳይ ፍቀድልኝ አለው። «አንድ ቀን ብዬ ነው ያመጣኋቸው» አለኝ ባሌ። «ከዚያ ልጆቹ ደግመን እንሂድ አሉኝ።»

«ለእኔስ?»

«እነግራታለሁ እያልኩ ስድስት ሰባት ቅዳሜ አለፈ። ብነግርሽ በሩን ትዘጊያለሽ።»

ሴትየዋ በርጩማ አምጥታ ከጀርባዬ አስቀመጠችልኝ፤ ተቀመጭ አላለችኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የጠላኋት ሴት እሷ ነበረች፤ ቆማ ዓሣ ስታገላብጥ እግሯ እንደሚያማት ያስታውቃል። አባቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ልጆቹ ግራና ቀኙን ያዙ። ትንሿ ጉልበቱን እንደ ማርሽ እየገፋች «አሁን ሦስተኛ ነው?» ትለዋለች። እሱ «ቁልቁለት ነው፤ ሁለተኛ አድርጊው» ይላታል። እኔን እንዲህ አስተምሮኝ አያውቅም። ወይም አስተምሮኝ ረስቼዋለሁ።

ዓሣው ቀረበ። አልበላሁም። ልጆቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ ከአፌ አመለጠኝ።

«እናቴ ስትቀበር ለምን አልመጣህም?»

አንተ ማለቴን ሁላችንም ሰማን።

«መጥቻለሁ» አለ።

«ማን አየህ?»

«ማንም እንዳያየኝ ነው የቆምኩት። መኪናዋን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አቁሜ በዛፎቹ መሃል አየኋችሁ። ጥቁር ሹራብ ለብሰሽ ነበር። አክስትሽ በክንድሽ ይዛሻለች።»

«ለቅሶ ላይ ጥቁር ያልለበሰ፣ ዘመድ ያልያዘው ማን አለ?»

ሴትየዋ ከምድጃው ሳትዞር፣ «ሄዷል፣ ልጄ። ሁለት ቀን አልተመለሰም» አለች። አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየሁ። አብረው የተስማሙበት ይሁን የሆነ ነገር ይሁን ከፊታቸው ላነብ ሞከርኩ። አልቻልኩም።

ከባሌ ጋር የተጣላነው ጅማ ገብተን ከመናኸሪያ ወደ ቤት ስንሄድ ነው። ልጆቹን ወደፊት አስቀደምናቸው።

«አባቴን ማየታቸው ይቅር። ልጆቼን ውሸት አስተማርካቸው» አልኩት።

«እሱ ላይ ጥፋተኛ ነኝ» አለኝ።

«አዛጋ ያለችውን ጉማሬ አንተ ነህ ያስጠናሃት?»

«እሱን ራሷ ናት የጨመረችው።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ለብዙ ቀን አላናገርኩትም። ትልቋን ለብቻዋ አስቀምጬ፣ አባትሽም ቢሆን ለእኔ ዋሺ ካለሽ እንቢ በይ አልኳት። «አንቺ እንዳታዝኚ ነበር» አለችኝ። እሷንም ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትነግረኝን ሁሉ ለብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ ነበር የምጠይቃት።

ሁለት ቅዳሜ አላስኬድኳቸውም። በሦስተኛው ራሴ ብርቱካን ገዝቼ ዘንቢላቸው ውስጥ አስገባሁ፤ የት እንደምትሄዱ ለጠየቃችሁ ሁሉ አሰንዳቦ በሉ አልኳቸው። አንዳንዴ አብሬ እሄዳለሁ። አሁን ዓሣውን እበላለሁ።

በበጋው መጨረሻ አባቴ ጅማ መጥቶ ዓይኑን ቀዶ ሕክምና ተደረገ። ለቁጥጥር መመላለስ ስላለበት እኛ ቤት አረፈ። ሴትየዋ አብራው መጥታ ከዘመዶቿ ቤት ነበር የምታድረው። እቤትሽ ልረፍ አላለችኝም፤ እኔም ነይ አላልኳትም። ቀን ቀን እየመጣች ጠብታውን ታደርግለትና ሻይ ጠጥታ ትሄዳለች።

ፋሻው ከተነሳ በኋላ ልጆቹ ቤተ መንግሥቱን እናሳይህ አሉት። ቅዳሜ ነበር፤ ሱቁን ዘግቼ አብሬ ወጣሁ። ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ጅሬን አደረሰን። አባቴ ጥቁር መነጽር አድርጎ ከእንጨቱ በረንዳ ፊት ቆመና፣ «ከእናታችሁ እናት ጋር እዚህ መጥተን ነበር» አላቸው። «አዲስ ተጋቢዎች ነበርን። ጠባቂው አላስገባ ብሎን ከውጭ አይተን ተመለስን። ጫማዋ ጠቧት፣ አውልቃ በእጇ ይዛው ይህን ሁሉ ቁልቁለት በባዶ እግሯ ወረደች።»

እናቴ ስለ እሱ ያልነገረችኝ ነገር የለም ብዬ ነበር የማምነው። ይህን ግን አልነገረችኝም።

«ምን ዓይነት ጫማ?» አልኩት።

«ነጭ። ተረከዝ ያለው።»

በሠርጋቸው ፎቶ ላይ ነጭ ጫማ አድርጋለች። ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ እንዲህ ሊል ይችላል። የምጠይቃት እሷ የለችም።

«ከዚያስ?» አለችው ትንሿ።

«ከዚያማ ግማሽ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን» ብሎ ቀጠለ። ልጆቹ እግሩ ሥር ተቀመጡ። እኔም ከበስተኋላቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት።